ከዘራፍ ባሻገር፦ ወንድነትና ሀገር በአማርኛ ድርሰት

የካቲት ሲጋመስ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የትምህርት ቤቶች ግቢ ይደምቃል። ከሳሪስ እስከ ጀሞ፣ ከጎፋ እስከ መካኒሳ የዓድዋ በዓል የልምምድ ሰሞን ነው። ከካርቶን የተቆረጠ ጋሻ ቀለም ይቀባል፤ ሸንበቆው ጦር ይሆናል፤ ነጭ ሱሪና እጀ ጠባብ ከዘመድ ከጎረቤት ይለመናል። የሚኒ ሚዲያው ማይክ ሲከፈት ገና ድምፁ ያልጎረነነ ልጅ ሰልፉን ሰንጥቆ ይወጣና «ዘራፍ!» ይላል። ወዲያ ወዲህ ይንጎራደዳል፤ ደረቱን ይነፋል፤ ጋሻውን ወደ ላይ ያነሣል። ነጠላ ያደገደጉ ሴት ልጆች በእልልታ ያጅቡታል። አንዷ የእቴጌ ጣይቱን ካባ ደርባ ከንጉሡ አጠገብ ትቆማለች፤ የሚሰጣት ንግግር ግን ብዙ ጊዜ አጭር ነው። መምህራን ያጨበጭባሉ፤ ወላጆች በስልካቸው ይቀርጻሉ።

ትዕይንቱ ደስ ያሰኛል፤ ሊነቀፍም አይገባውም። ሆኖም ትምህርት መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። ልጆቹ በዚያች አጭር ጊዜ ማንም ቁጭ አድርጎ ያላስረዳቸውን ሦስት ነገር ይማራሉ፦ ወንድ ምን እንደሆነ፣ ሀገር ምን እንደሆነች፣ ሴት ከሁለቱ መካከል የት እንደምትቆም። ወንድ የሚገድልና የሚሞት ነው፤ ሀገር የምትጠበቅ እናት ናት፤ ሴት የጀግናው ምስክር ናት። የዚህ ጽሑፍ ክርክር የሚነሣው ከዚሁ ነው። ወንድ ስንል የምናስበው ሰው በቃል፣ በግጥም፣ በተውኔትና በልብ ወለድ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። የሠሩት ደራስያን ግን ፎካሪውን ብቻ አላወረሱንም። ከእርሱ ጎን የሚያመዛዝን፣ የሚያለቅስ፣ ቃሉን የሚጠብቅ፣ ያለ መሣሪያ የሚጸና ሰውም ጽፈውልናል። መንግሥታት በየተራቸው የሚጠቅማቸውን ግማሽ መዝዘው በዐዋጅና በመፈክር አጎሉት፤ ሌላው ግማሽ ከመጻሕፍቱ ገጽ ሳይወጣ ቀረ። ዜግነታችንን ያጠበበው ይህ ምርጫ ነው፤ ምርጫ እንደመሆኑም ሊለወጥ ይችላል።

ክፍለ ከተማው ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መነሻ ነው። ላፍቶና ጀሞ ኮንዶሚኒየምና የገበያ ሕንፃ ከመሆናቸው በፊት የኦሮሞ ገበሬዎች ቀዬዎች ነበሩ፤ ጎፋ ስሙን ከደቡቡ የጎፋ ሕዝብ ጋር ይጋራል። ልጆቹ ቤት ውስጥ ኦሮምኛ፣ ጉራጊኛ፣ ወላይትኛ፣ ትግርኛ ወይም ሌላ ቋንቋ ሊናገሩ ይችላሉ፤ መድረክ ላይ ሲወጡ ግን የሚፎክሩት በአንድ ዓይነት አማርኛ ነው። ከመድረክ ሲወርዱም የዕለት ንግግሩ ያንኑ ትምህርት ይቀጥላል። ጋራዥ ውስጥ ሞተር የምትፈታ ወጣት፣ በታክሲ በር ላይ ቆማ የምትጣራ ረዳት፣ ሌሊት ተነሥታ ጉልት የምትዘረጋ እናት ሲያደንቋት «እሷ እኮ ወንድ ናት» ይባላል። አባባሉ ሙገሳ ነው፤ ተናጋሪውም ክፋት አላሰበም። ግን ድፍረት፣ ጽናትና ኃላፊነት የአንዱ ፆታ ርስት መሆናቸውን፣ ሴት ሲኖሯት በውሰት እንደሆነ ይናገራል። የፈራ ወንድ ደግሞ «ሴት» ተብሎ ይሰደባል። አንድ ልጅ የሀገሩን ታሪክ ከመማሩ በፊት ይህን መዝገብ በቃሉ ይዞታል፤ የታሪክ መጽሐፉን የሚያነበውም በዚሁ መዝገብ መነጽር ነው።

ፉከራ ሕግ የነበረው ጊዜ

ፉከራ፣ ሽለላና ቀረርቶ ከንቱ ጩኸት አልነበሩም። ቋሚ ሠራዊት፣ የደመወዝ መዝገብና የሹመት ደብዳቤ በሌለበት ዘመን የአንድ ሰው አገልግሎት የሚመዘገበው በቃል ነበር። በግብር አዳራሽ ወይም በጦር ሰፈር አርበኛው ተነሥቶ የት እንደዋለ፣ ማንን እንደጣለ፣ ለማን እንደታመነ በግጥም ይቆጥራል። የሚሰሙት ከእርሱ ጋር የዋሉ ሰዎች ናቸው፤ ቢዋሽ ይዋረዳል። ጌታው ሰምቶ ይሾማል ወይም ያልፈዋል። ያልታየ ጀግንነት አይፎከርም፤ የተፎከረም ሳይመሰከርለት አይጸድቅም። በዚህ ዓይን ፉከራ የተጠያቂነት ሥርዓት ነበር። ለቅሶ ቤት ውስጥም አልቃሿ የሟቹን ሥራ በሙሾ ትመዝናለች፤ ደግነቱን፣ ዳኝነቱንና እንግዳ መቀበሉን ከጀግንነቱ እኩል ትዘረዝራለች። እዚያው ወንዱ ደረቱን እየደቃ ያለቅሳል፤ ማንም አይነቅፈውም። ዛሬ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የምንለው ባህል እንደሆነ አድርገን ነው፤ ባህሉ ግን ወንድ የሚያለቅስበትን ቦታ ለይቶ አክብሮ ያኖረ ነው። መድረኩ ላይ ያለው ልጅ ከዚህ ሁሉ የወረሰው ዘራፉን ብቻ ነው፤ ምስክሩ፣ ዳኛውና ሙሾው ተቆርጠው ቀርተዋል።

የፈረስ ስሞች ይህን ያጎሉታል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው ተብለዋል። በ«አባ» የሚጀምረው ይህ የአጠራር ልማድ በኦሮሞ ባላባቶችና ፈረሰኞች ዘንድ ሥር የሰደደ ነው፤ ኦሮሞውም ገራርሳ የተባለ የራሱ የጀግንነት ዜማ አለው። ስለዚህ «የሀበሻ ወንድ» የምንለው ምስል ከመነሻው ከብዙ ቋንቋ የተቀዳ ነው። ከሁሉ በላይ የሚያስተምረው የደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ሕይወት ነው። ባልቻ በልጅነቱ በጦርነት ተማርኮ የተሰለበ፣ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ያደገ ሰው ነበር። በዓድዋ በመድፈኛነቱ ስሙ ተጠራ፤ አባ ነፍሶ ተብሎ ተፎከረለት፤ በጣሊያን ወረራ ዘመንም በሽምግልናው ሲዋጋ ወደቀ። አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒታል በስሙ ይጠራል። ወንድነትን ከአካል ጋር ብቻ የሚያያይዝ ሕዝብ ቢሆን ኖሮ ይህን ሰው ከታላላቆቹ ጀግኖች ተራ ባላቆመው ነበር። ሕዝቡ የመዘነው ታማኝነቱንና ጽናቱን ነው። ይህ ማለት የወንድነት መስፈርቱ ከሥጋ ይልቅ ምግባር ላይ እንዲቆም የሚፈቅድ በር ትውፊቱ ውስጥ ክፍት ነበር ማለት ነው።

እናት የሆነች ሀገር

ሀገርን በእናት የመመሰሉ ነገር ከሥርዓት ሥርዓት የማይለወጥ ሆኖ ቆይቷል። አርመናዊው ኬቮርክ ናልባንዲያን ዜማውን የሠራለት የዘውዱ ዘመን መዝሙር፣ ከ1967 ጀምሮ የተዘመረው የደርግ መዝሙርና ከ1984 ወዲህ ያለው የዛሬው መዝሙር በሃሳብ እጅግ የተራራቁ ናቸው፤ ሦስቱም ግን ኢትዮጵያን በሴት አንቀጽ ይጠሯታል። ዮፍታሔ ንጉሤም በ«አፋጀሽኝ» ተውኔቱ ሀገሪቱን በሴት ገጸ ባሕርይ መስሏታል። ምሳሌው ፍቅርን ያስተምራል፤ እናቱን የማይወድ የለምና። አብሮ የሚመጣ ዋጋ ግን አለው። ሀገር እናት ከሆነች ዜጎች ልጆች ናቸው፤ ልጅ እናቱን ይጠብቃል እንጂ ሒሳብ አይጠይቃትም። በእናት ስም የሚናገር ባለሥልጣንም ጥያቄን እንደ ክህደት ለመቁጠር ይመቸዋል። ሴት ዜጎች ደግሞ ምሳሌው ውስጥ ሁለት ቦታ ብቻ ያገኛሉ፤ የምትጠበቀዋ እናት ወይም ጠባቂውን የምትወልደው እናት። «ሴት የላከው ሞት አይፈራም» የሚለው ተረት ሦስተኛ ቦታ ይጨምርላቸዋል፤ ላኪ መሆንን። ሄዳ የምትመክር፣ የምትመርጥ፣ የምትወስን ሴት በዚህ ሥዕል ውስጥ አትታይም።

የእናትና የልጅ ምሳሌ በጣም የጎላው በዐፄ ቴዎድሮስ ዙሪያ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 በመቅደላ ራሱን የገደለው ንጉሥ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በድርሰት እንደገና ተወለደ። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና ጸጋዬ ገብረ መድኅን በተውኔት፣ ብርሃኑ ዘሪሁንና አቤ ጉበኛ በልብ ወለድ አነሡት። እነዚህ ጸሐፍት በራሱ ጥረት የነገሠውን ሰው የመረጡት በዘመናቸው ስለነበረው ሥርዓት የሚሉት ስለነበራቸው ነው። አቤ መጽሐፉን «አንድ ለናቱ» አለው፤ ጀግናው አሁንም የአንዲት እናት ልጅ ነው። ብርሃኑ ደግሞ «የቴዎድሮስ ዕንባ» አለው፤ ከሁሉ ይልቅ ወንድ የተባለውን ንጉሥ ከዕንባው ጋር ስሙን አጣመረ። ድርሰቱ እንዲህ ውስብስብ ሆኖ ሳለ ወደ ግድግዳ ሥዕል፣ ወደ ካናቴራና ወደ መፈክር የተሻገረው ሽጉጡና ሹሩባው ነው። በመቅደላ እስረኞች ገደል መጣላቸውን፣ ንጉሡን የመጨረሻ ዓመታቱ ቁጣ ከሕዝቡ እንደለየው የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ዕንባው ከተረሳ ስህተቱም ይረሳል፤ ስህተቱ የተረሳ ጀግና ደግሞ ለሚከተለው ትውልድ የሚያስተምረው አሟሟትን ብቻ ይሆናል።

ደርግ ይህን ሀብት ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። በ1969 የሶማሊያ ወረራ ሲያንዣብብ «እናት አገር ወይም ሞት» የሚለው መፈክር አገር አዳረሰ፤ ከየገጠሩ የተጠራው ሚሊሻ የሠለጠነበት ሰፈር ታጠቅ ተባለ፤ የቴዎድሮስ የፈረስ ስም የጦር ሰፈር ስም ሆነ። ወረራውን መመከቱ ተገቢ ነበር፤ ሕዝቡም በእውነት ተነሥቷል። ችግሩ ያ ቋንቋ ወረራው ከተመለሰም በኋላ አለመመለሱ ነው። በሰሜን በነበረው የወገን ለወገን ጦርነትም እንዳለ አገልግሎት ላይ ዋለ። ይህን በድፍረት የጻፈው በዓሉ ግርማ ነው። በ1975 የታተመው «ኦሮማይ» በዚያው በሰሜን የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ከውስጥ ያሳያል፤ የመፈክሩ ወንድ በቢሮ፣ በመኝታ ቤትና በግንባር ተራራ ላይ ሲፈተሽ ምን እንደሚቀረው ይጠይቃል። ሥርዓቱ መጽሐፉን ከገበያ ሰበሰበው፤ በዓሉ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። የእናት ሀገርን ልጆች «ሙቱላት» ለሚል መንግሥት፣ ልጆቹ እንዴት እንደሞቱ የሚናገር ደራሲ ከጠላት ጦር የባሰ ሆኖ ታየው። የእናት ሀገር ቋንቋ ጥያቄን ለመዝጋት ሲውል የት ሊደርስ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሌላው ውርስ

አሁን ወደ መጀመሪያው መጽሐፍ እንመለስ። የአማርኛ ልብ ወለድ የሚጀምረው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ሮም ላይ ባሳተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው። በብዛት የሚታወቀው በባለታሪኳ ስም፣ «ጦቢያ» በሚል ነው። አባት በጦርነት ይማረካል፤ ቤተሰቡ ይበተናል። መንትያ ወንድሟ ዋሕድ አባቱን ለማስለቀቅ ሲል ከቤት ይወጣል፤ ጦቢያ ደግሞ የወንድ ልብስ ለብሳ በአደገኛው መንገድ ትጓዛለች። የሀገሪቱን ስም የተሸከመችው ይህች ልጅ ተቀምጣ የምትጠበቅ አይደለችም፤ ትሄዳለች፣ ትወስናለች፣ ታስጥላለች። የወንድሟም ጀግንነት የተለካው በመግደል ሳይሆን ለሌላው ሲል ራሱን ለአደጋ በማጋለጥ ነው። አፈወርቅ በኋላ ዘመኑ ከጣሊያን ጋር በመቆሙ በብርቱ የተወቀሰ ሰው ነው፤ ወቀሳው ተገቢ ነው። መጽሐፉ ግን ከጸሐፊው ይሰፋል። የዘመናዊው የአማርኛ ትረካ ደጃፍ ላይ የምናገኘው ሀገር የምትራመድ ሴት፣ ወንድነትም መሥዋዕትነት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ፎካሪው ብቻ የኛ ነው የሚል ሰው ይህን የመጀመሪያ ገጽ አላነበበም ማለት ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ክርክሩን እስከ ጥጉ ወሰደው። ፊታውራሪ መሸሻ ጠመንጃቸውን፣ ዘራቸውንና ያለፈ ጀብዱአቸውን እየቆጠሩ የሚኖሩ ባላባት ናቸው፤ ወንድነታቸው በሌላው ላይ መሠልጠን ነው። አላስገብርም ባሉት ገበሬዎች ላይ ሲዘምቱ ራሳቸው በገበሬዎቹ እጅ ይወድቃሉ። ከእርሳቸው ፊት ለፊት ደራሲው ሁለት ወንዶች አቁመዋል። አንዱ በዛብህ፣ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ፣ ቅኔ አዋቂ፣ ጦር ያልያዘ፣ አፍቃሪ ነው። ሁለተኛው ጉዱ ካሳ ነው፤ ሕዝቡ እንደ እብድ የሚቆጥረው፣ ሥርዓቱን ግን ድንጋይ በድንጋይ የሚመረምረው ሰው። በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ ደፋሩ እርሱ ነው፤ የሚደፍረው ግን በሃሳብ ነው። ሰብለ ወንጌልም የአባቷን ክብር ማሳያ ዕቃ ሆና አልቀረችም፤ ከቤት ወጥታ ፍቅሯን እስከ መቃብር ተከትላለች። ይህ ታሪክ ማንበብ ለሚችሉት ብቻ አልቀረም። ወጋየሁ ንጋቱ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው የሬዲዮ ዝግጅት ሲተርከው ሀገር ጆሮውን ሰጠ፤ በየቡና ቤቱና በየሳሎኑ ለበዛብህ ተለቀሰ። የፊታውራሪ መሸሻ ልጆች ብቻ ብንሆን ኖሮ ለበዛብህ ባላለቀስን ነበር። አንባቢውና አድማጩ ልቡ ወዴት እንዳደላ ያኔውኑ ተናግሯል።

መድረኩም የራሱን ምስክር ሰጥቷል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ«ጴጥሮስ ያችን ሰዓት» ያነሣው ጀግና ጠመንጃ የሌለው መነኩሴ ነው። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 አዲስ አበባ ላይ የተረሸኑት ሕዝቡን ለወራሪ ተገዛ በሉ ሲባሉ እምቢ ስላሉ ነው፤ የጣሉት ሰው የለም፤ የጸኑት በቃላቸው ነው። በዚያው የአርበኝነት ዘመን ከበደች ሥዩም ባላቸው አበራ ካሣ በታኅሣሥ 1929 ፍቼ ላይ ከተገደሉ በኋላ ጦር መርተው ተዋግተዋል፤ ሸዋረገድ ገድሌ ለአርበኞች ስንቅ፣ ጥይትና መረጃ አቀብለው ታስረዋል፣ ተገርፈዋል። ስንዱ ገብሩ ጥቁር አንበሶች ከተባሉት አርበኞች ጋር ነበሩ፤ ተማርከው ወደ አዚናራ ደሴት ተጋዙ፤ ተመልሰው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መሩ፤ «የልቤ መጽሐፍ»ን ጻፉ፤ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ በመረጠው የመጀመሪያው ፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ መዋጋት፣ ማስተማር፣ መጻፍና ሕግ ማውጣት ተሰልፈዋል። ዜግነት የሚባለው ይህ ሙሉው ነው፤ ጦር ሜዳው ከአራቱ አንዱ ብቻ ነው። በየካቲት መድረኮች ላይ ስንዱን ሆና የምትወጣ ልጅ ብትታይ አራቱንም በአንድ ገጸ ባሕርይ ልታስተምር ትችላለች።

ከፑሽኪን አደባባይ የሚገኝ ትምህርት

ሳር ቤት አካባቢ የፑሽኪን አደባባይ አለ። ከዚያ የሚነሣው ሰፊ መንገድ በቄራ በኩል ወደ ጎተራ ይወርዳል፤ በየቀኑ ስሙን የሚጠሩት ታክሲ ነጂዎችና ተሳፋሪዎች ስፍር ቁጥር የላቸውም። አሌክሳንደር ፑሽኪን ለሩሲያ ሥነ ጽሑፍ ምን እንደሆነ ማንም አንባቢ ያውቃል፤ ሩሲያውያን ብሔራዊ ማንነታቸውን ሲናገሩ የሚጀምሩት ከእርሱ ነው። እርሱ ደግሞ በቅድመ አያቱ በአብራም ጋኒባል በኩል አፍሪካዊ ዘር እንዳለው በኩራት ጽፏል። የጋኒባል የትውልድ ቦታ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ሐበሻ ነው የሚሉ አሉ፤ ከቻድ ሐይቅ አካባቢ ነው የሚሉም አሉ። ለኛ ክርክር የሚጠቅመው ግን የፑሽኪን አሟሟት ነው። በ«ዬቭጌኒ ኦኔጊን» ባለታሪኩ የሰው አፍ ፈርቶ፣ ፈሪ እንዳይባል ብሎ፣ ወዳጁን ሌንስኪን በሽጉጥ ግጥሚያ ይገድለዋል። ደራሲው የዚያን ክብር ባዶነት ገልጦ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1837 ግን ፑሽኪን ራሱ በሚስቱ ስም በተነሣ ሐሜት ሽጉጥ ተማዝዞ፣ በ37 ዓመቱ፣ በቁስሉ ሞተ። ያየውን ወጥመድ ማምለጥ አልቻለም። የወንድነት ቋንቋ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ይህ ይመሰክራል፤ አንድ ታላቅ ደራሲ ብቻውን ሊያፈርሰው አይችልም፤ አንባቢው፣ መምህሩ፣ ወላጁና ሕጉ አብረው ካልተነሡ።

መልስ የሚሹ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከባድ ነው። ያለ ዘራፍ ዓድዋ አይኖርም ነበር፤ ይህን ቋንቋ ብናላላው ሀገር ያለ ጠባቂ ትቀራለች ይባላል። እውነት አለው። የካቲት 23 ቀን 1888 ሰው ወደ ጥይት የሄደው ልቡን የሚያጸና ቃል ስለነበረው ነው። ነገር ግን ዓድዋን ዘራፍ ብቻ አላሸነፈውም። በመቀሌ ምሽግ የነበረው ጠላት የተንበረከከው ውሃው በመያዙ ነው፤ ይህን ያመነጩት እቴጌ ጣይቱ እንደሆኑ ይታወቃል። ሰላዩ ባሻ አውዓሎም የጠላትን ጄኔራሎች ያሳሳተው በብልሃት ነው። ስንቅ ያዘጋጁት፣ ውሃ የቀዱት፣ ቁስለኛ ያነሡት ሴቶች ሠራዊቱን አቁመውታል። የዐፄ ምኒልክ የክተት ጥሪም ጉልበት የሌለውን ከሀገር ሥራ አላስወጣውም፤ በሐዘኑና በጸሎቱ እንዲረዳ ጠይቆታል። የዓድዋን ሰው በሙሉ ቁመቱ ብናስተምር የሚላላ ነገር የለም፤ ልጆቹ ከፎካሪው ጎን መሐንዲሱን፣ ሰላዩን፣ ሐኪሙንና አብሳይዋን ያያሉ። እጅጋየሁ ሽባባው ስለ ዓድዋ የዘፈነችው ዘፈን በፉከራ ፋንታ በምስጋና የተሞላ ነው፤ ማንም ግን የሀገር ፍቅር ያንሰዋል አላለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይህ ሁሉ ከውጭ የመጣ ሃሳብ ነው የሚል ነው። እስካሁን የተጠሩት ምስክሮች በሙሉ የሀገር ልጆች መሆናቸው በራሱ መልስ ነው፤ ከመጻሕፍት ውጭም ብዙ አለ። በኦሮሞ ባህል ሴቶች ሲንቄ የተባለውን በትራቸውን ይዘው በተጋጣሚዎች መካከል ሲገቡ ጦር ይቆማል፤ ያን አልፎ የሚመታ ወንድ ክብሩን ያጣል። በመስከረም 2011 ቡራዩ ላይ የጋሞ ተወላጆች ከተገደሉና ከተፈናቀሉ በኋላ አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል የወጣ ወጣት ነበር። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ፤ ወጣቱም አባቶቹን ረግጦ ማለፍ አልቻለም፤ ተመለሰ። በዚያን ቀን ወንድ ማን ነበር? የቆመው ነው ወይስ የተንበረከከው? አማርኛም ለዚህ ሰው ቃል አላጣም፤ ጨዋ፣ አስታራቂ፣ ሽማግሌ ይለዋል፤ በማኅበር፣ በዕድርና በዕርቅ ሸንጎም ከፊት ያስቀምጠዋል። ብሔራዊ ትረካችን ግን ይህን ሰው ባለታሪክ አድርጎ የሚያቀርብበት ዕለት በዓመቱ ውስጥ እምብዛም የለም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ወጣቱን የሚያጣላው ሥራ ማጣት፣ ድህነትና ፖለቲካ ነው፤ ግጥምና ልብ ወለድ ምን አገባቸው የሚል ነው። ድህነቱ እውነት ነው፤ ሥራ የሌለው ወጣት ቁጣ ከመጽሐፍ አልመጣም። ለቁጣው መልክ የሚሰጠው ግን ቋንቋ ነው፤ የተጎዳ ሰው ምን ቢያደርግ ወንድ እንደሚባል የሚነግረው እርሱ ነውና። ሕጉን እንመልከት። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርገው ነበር፤ በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን በትዳር አስተዳደር እኩል አደረገ። የቀድሞው የወንጀል ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ቢያገባ ከክስ ያድነው ነበር፤ በ1997 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ይህን በር ዘጋው። ወረቀቱ ከተለወጠ ዓመታት አልፈዋል፤ «እሷ እኮ ወንድ ናት» ግን አልተለወጠም። ቋንቋ ከሕግ ኋላ ሲቀር ዋጋው በጦርነት ጊዜ ይከፈላል። በጥቅምት 2013 ተጀምሮ ጥቅምት 23 ቀን 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት በተቋጨው የሰሜኑ ጦርነት የሽለላው ድምፅ በሁሉም ወገን ከፍ ብሎ ነበር። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ከፍተኛ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት በጥቅምት 2014 ያወጡት የጋራ ሪፖርት የጦርነቱ ተሳታፊ ወገኖች ፆታዊ ጥቃት እንደፈጸሙ የሚያሳምን ምክንያት አግኝቷል። ሀገር በሴት አካል በሚመሰልበት አንደበት ውስጥ የጠላትን ሀገር ማዋረድ የሴቶቹን አካል ወደ ማዋረድ ለመሻገር ሩቅ መንገድ የለውም። ግጥም ማንንም አልደፈረም፤ ነገር ግን ሰው የሚያስበው በተሰጠው ምሳሌ ነው።

ስለዚህ ጥሪው ዘራፍ ይታገድ የሚል አይደለም። በየካቲት ልጆቹ ይፎክሩ፤ ጋሻቸውንም ያንሡ። በንፋስ ስልክ ላፍቶም ሆነ በሌላው ክፍለ ከተማ ዝግጅቱን የሚመሩ መምህራን ግን ለፎካሪው ከሚሰጡት ጊዜ እኩል ለጣይቱ ምክር፣ ለባሻ አውዓሎም ብልሃት፣ ለአቡነ ጴጥሮስ እምቢታና ለስንዱ ብዕር ይስጡ። የአማርኛ መምህራን «ጦቢያ»ንና «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የሴራና የገጸ ባሕርይ መለማመጃ ከማድረግ አልፈው፣ ወንድ ማን ነው፣ ሀገርስ ማን ናት የሚል ክርክር ያስነሡባቸው። የኦሮምኛው ገራርሳ፣ የጋሞው እርጥብ ሣርና የሲንቄው ሥርዓት ከአማርኛው ሽለላ ጎን በአንድ መድረክ ይቅረቡ። ደራስያን ያጠገባቸውን ሕይወት ይጻፉ፤ ልጅ የሚያጥበውን አባት፣ አውቶቡስ የምትነዳውን እናት፣ ይቅርታ የሚጠይቀውን ወንድም ባለታሪክ ያድርጉ። ወላጆች ወንድ ልጃቸው ሲያለቅስ አያሳፍሩት፤ ሴት ልጃቸው ስትደፍር በራሷ ስም ያመስግኗት። ኢትዮጵያ የሚሞቱላት ልጆች አጥታ አታውቅም። ያጠራት የሚነጋገሩባት፣ የሚጠይቋትና የሚኖሩላት ዜጎች ናቸው፤ እነዚህን ማፍራት ደግሞ የመምህሩ፣ የደራሲውና የወላጁ ሥራ ነው።